ጥቅል ጎመን ያስወደደኝ የብረት መጥበሻ

ፍርዱን ከመጀመሪያው ልናገር። ምግብ እየመረጣችሁ ያደጋችሁ ከሆነና አሁን ራሳችሁ ማብሰል ካማራችሁ፣ መጀመሪያ የምትገዙት ዕቃ ከባድ የብረት መጥበሻ ይሁን። ካስት አይረን የሚሉትን ማለቴ ነው። ጥቁሩን፣ ወፍራሙን፣ እጀታው ሳይቀር አንድ ወጥ ሆኖ ከቀለጠ ብረት የተቀዳውን። ውድ ቢላውም፣ መፍጫውም፣ ባለ ብዙ ቁልፉ ማብሰያም ይቆይ። ይህን መጥበሻ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ ከምግብ መሸሽ ትቼ ኩሽና ውስጥ መዋል የጀመርኩት በእሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለዚህ ዕቃ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ሥጋ ነው። እውነት ነው፣ ሥጋ ያምርበታል። እኔ ግን የማወራችሁ ልጅ እያለሁ ወደ ሳህኑ ዳር ስለምገፋቸው ነገሮች ነው። ጥቅል ጎመን፣ እንጉዳይ፣ ደበርጃን፣ ፎሶሊያ። መጥበሻው ሙያውን ያሳየኝ እነሱ ላይ ነው።

ምግብ መራጭ ምን እንደሚሰማው ያልደረሰበት ሰው አይገባውም። «ሞልቃቃ ነው» ይባላል፣ «ሲርበው ይበላል» ይባላል። ሙልቅና አይደለም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ጣዕሙ እንኳን አይደለም፤ አፍ ውስጥ ሲገባ የሚሰጠው ስሜት ነው። የላሸቀ ነገር። የሚያዳልጥ ነገር። ላዩ ለስላሳ ሆኖ ውስጡ ውሃ የቋጠረ፣ ስትነክሱት ምን እንደሚከተል የማይታወቅ ነገር። ብስኩት ሁሌም ያው ብስኩት ነው፤ ቺፕስም ዛሬም ነገም ኩርሽም ይላል። መራጭ ልጆች ደረቅና የሚንኮሻኮሽ ነገር የሚወዱት ለዚህ ይመስለኛል፤ አስቀድመው የሚያውቁትን ነው የሚያገኙት።

ምሬቱም ቢሆን የራሱ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1931 አርተር ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ላብራቶሪ ውስጥ ፒቲሲ የሚባል ዱቄት ሲገለብጥ ትንሽ ይበንበታል። አጠገቡ የነበረው ባልደረባው «መረረኝ» አለ፤ ፎክስ ራሱ ግን ምንም አልቀመሰም። ሁለቱም ዱቄቱን ቀመሱት፤ አሁንም አንዱን መረረው፣ ሌላውን አልመረረውም። ልዩነቱ በዘር የሚወረስ መሆኑ ከዚያ በኋላ ታወቀ። ይህን ምሬት የሚለየው የምላስ ተቀባይ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ያው ተቀባይ ደግሞ በጎመን ወገን አትክልቶች ውስጥ ካለው ምሬት ጋርም ይያያዛል። ስለዚህ አንድ ልጅ «ጎመኑ መረረኝ» ሲል አጠገቡ ያለው ሰው የማይቀምሰውን ነገር በእውነት እየቀመሰ ሊሆን ይችላል። ይህን ባወቅኩ ጊዜ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ብዙ ወላጆች ቢያውቁት ብዙ የምሳ ሰዓት ለቅሶ ይቀር ነበር።

ልጆች ከ2 ዓመት ገደማ ጀምሮ አዲስ ምግብ መፍራታቸው የተለመደ ነው፤ ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል። አንድን ምግብ ለመልመድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልግ እንደሚችልም ጥናቶች ያሳያሉ። ጥሩ ምክር ነው። እኔ የምጨምርበት ነገር አለኝ፤ ያው የላሸቀ ጎመን በያው አሠራር እየተመላለሰ ከቀረበ መልመዱ ቀርቶ ጥላቻው ነው የሚጠነክረው። አሠራሩ ሲለወጥ ግን ምግቡ ራሱ ሌላ ምግብ ይሆናል። መጥበሻው የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ነገሩ የሙቀት ጉዳይ ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። ውሃ ውስጥ ያለ አትክልት ከዚያ በላይ አይግልም፤ እሳቱን ብትጨምሩም ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። የጥብስ ሽታና ያ ቡናማ ቀለም የሚመጣው ግን ከ140 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። ፕሮቲን ውስጥ ያሉ አሚኖ አሲዶች ከስኳር ጋር ተዋህደው በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ የጣዕምና የሽታ ውህዶች ይፈጥራሉ። ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ነው እ.ኤ.አ. በ1912 ይህን ውህደት የገለጸው፤ እስካሁንም በስሙ ይጠራል። የዳቦ ቅርፊት፣ የተቆላ ቡና፣ የተጠበሰ ሥጋ፣ ሁሉም የዚህ ሥራ ናቸው። መራጭ ልጅ የሚወዳቸውን ምግቦች ቁጠሩና እዩ፤ ቺፕስ፣ ቶስት፣ የዶሮ ጥብስ። አብዛኞቹ ቡናማ ናቸው! የሚጠላቸው ደግሞ አብዛኞቹ የተቀቀሉ ናቸው።

እና ለምን ከባድ ብረት? ስስ መጥበሻም እኮ ይግላል። ይግላል፣ ግን ሙቀት አያከማችም። ቀዝቃዛና እርጥብ አትክልት ስትጨምሩበት ሙቀቱ ወዲያው ይወርዳል፤ ከአትክልቱ የወጣው ውሃ ቶሎ መትነን ያቅተውና መጥበሻው ውስጥ ይተኛል። ከዚያ በኋላ እየጠበሳችሁ ሳይሆን እየቀቀላችሁ ነው። «ጠብሼው ነበር እኮ፣ ለምን ላሸቀ?» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። የ26 ሴንቲ ሜትር ካስት አይረን ወደ 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ያ ሁሉ ብረት አንዴ ከጋለ በአንድ እፍኝ ጎመን አይደነግጥም። ውሃው እንደወጣ ይተናል፣ ላዩ ይደርቃል፣ ከዚያ ቡናማው ይመጣል። አለቀ።

አሁን ወደ ምግቡ።

ጥቅል ጎመንን ለብቻው ላንሳው፤ ለእኔ ትልቁ ለውጥ እሱ ነበር። ጥቅል ጎመን ረጅም ጊዜ ሲቀቀል ውስጡ ያሉት የድኝ ውህዶች እየፈረሱ ያንን ቤት የሚሞላ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ያመጣሉ። በቆየ ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ መቀቀሉን ተዉት። ጎመኑን ግንዱን ሳታወጡ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ሰንጥቁት፤ ግንዱ ቅጠሎቹን አንድ ላይ ይይዛቸዋል። መጥበሻውን መካከለኛ እሳት ላይ በደንብ አግሉት፣ ዘይት አድርጉ፣ ቁራጮቹን አጋድሙ። ከዚያ አትንኩት። ይህ ነው ከባዱ፤ እጅ ይበላል፣ ማገላበጥ ያሰኛል። 5 ወይም 6 ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ተዉትና አንዱን ጠርዝ ቀና አድርጋችሁ እዩ። ጫፉ ጠቆር፣ መሀሉ ወርቃማ ከሆነ ገልብጡት። ጨው ነስንሱ፣ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጣል አድርጋችሁ ክዳን ግጠሙበት፤ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ በኋላ ክፈቱት። መጨረሻ ላይ ሎሚ። ላዩ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ይጣፍጣል። ጥቅል ጎመን የራሱ ስኳር አለው፤ ሲቀቀል ግን ወደ ውሃው ይወጣና አይሰማችሁም።

ጨዉን አትርሱ። የጨው ሥራ ጨዋማ ማድረግ ብቻ አይደለም። ፖል ብሬስሊንና ጋሪ ቦሻም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳሳዩት ጨው ምሬትን ይጫናል፤ ምሬቱ ሲወርድ ተሸፍኖ የነበረው ጣፋጭነት ይወጣል። ምሬት የሚያስቸግረው ሰው አትክልቱን ያለ ጨው ቀቅሎ «ጤናማ ነው» እያለ ራሱን ማስገደድ የለበትም። በልክ ጨው አድርጉ፣ ዘይት አድርጉ፣ ሎሚ ጭመቁ። ለመውደድ መጀመሪያ መጣፈጥ አለበት።

እንጉዳይ ደግሞ የተለየ ነገር ነው። ከክብደቱ 90 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። የሚጠላው ሰው ሁሉ የሚያማርረው ማዳለጡን ነው፤ ማዳለጡ የሚመጣው ያ ውሃ መውጫ አጥቶ ሲቀር ነው። ስለዚህ ዘይት ሳታደርጉ ጀምሩ። መጥበሻውን አግሉ፣ የተቆረጠውን እንጉዳይ ሳይደራረብ ዘርጉት። መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ውሃ ያወጣል፣ ቺስታው ይጨምራል፣ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል። ያኔ ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሩ፣ ጨው አድርጉ፣ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ተዉት። ስለ እንጉዳይ በጣም የምወደው ነገር ደግሞ ጊዜ ቢያልፍበት አለመበላሸቱ ነው። የሕዋሶቹ ግድግዳ ካይቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ ካይቲን በሙቀት አይፈርስም፣ ስለዚህ ትንሽ ቢቆይም አይላሽቅም። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም።

ደበርጃን የሚጠላው አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ በስሎ ስለሚቀርብ ነው። በግማሽ የበሰለ ደበርጃን አልታኘክ ይላል፣ ዘይትም ይመጥጣል። በስሱ ሳይሆን ወፈር አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ጨው ነስንሳችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት፣ የወጣውን ውሃ በፎጣ አድርቁት። ከዚያ መካከለኛ እሳት ላይ ውስጡ ሙሉ በሙሉ እስኪለሰልስ ጥበሱት። ላዩ ቅርፊት ካለው የውስጡ ልስላሴ አያስጠላም፤ እንዲያውም የሚያምረው ያ ነው። ፎሶሊያ ቀላል ነው፤ በደንብ የጋለ መጥበሻ፣ ትንሽ ዘይት፣ ቆዳው እየጠቆረ ኩፍ ኩፍ እስኪል፣ ነጭ ሽንኩርት መጨረሻ ላይ። ካሮትም እንዲሁ።

ዓሣ ለሚፈራ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ቆዳውን በወረቀት ፎጣ በደንብ አድርቁት። ቆዳው ወደ ታች ሆኖ የጋለውና ዘይት የነካው መጥበሻ ላይ ይውረድ፣ ለመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ በመገልበጫ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ሲያያዝ አትታገሉት፤ ቅርፊቱ ሲሠራ ራሱ ይለቃል። አብዛኛውን በቆዳው በኩል አብስሉት፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ገልብጡ። የዓሣ ቆዳ በጭራሽ አልነካም ይሉ የነበሩ ወዳጆቼ አሁን ቆዳውን አስቀድመው ነው የሚበሉት።

እንቁላል ላይ መጥበሻው መጀመሪያ አካባቢ ያስቸግራል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። አዲስ ካስት አይረን ላይ እንቁላል ይያያዛል። እሳቱን ቀንሱ፤ የእንቁላሉ ነጭ ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ነው መርጋት የሚጀምረው፣ የሚነድ እሳት አያስፈልገውም። ቅቤ አብዙ። ጥቂት ወራት በዘይት ሲሠራበት ግን ይለሰልሳል፣ እንቁላሉም መንሸራተት ይጀምራል።

ይህ ሁሉ የምግብ አሠራር ከመጥበሻ ግምገማ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ ለእኔ ግምገማው ይኸው ነው። ዕቃው የሚመዘነው ምን እንዳስበላኝ ነው። ደግሞም ብላ ከተባለ ልጅ ይልቅ ራሱ የሚያበስል ሰው ምግቡን በሌላ መንገድ ነው የሚተዋወቀው። ጥሬውን ይነካዋል፣ ሲቆርጠው ያሸተዋል፣ ሲጠበስ ይሰማዋል፣ ጨዉ ደርሶ እንደሆነ ለማየት ከማንኪያ ጫፍ ይቀምሰዋል። ማንም አፉን እያየ አይጠብቀውም። ካልጣመው ይተዋል። መፍራት የሚቀንሰው እንዲህ ነው፤ ሳህኑ ውስጥ ምን እንዳለና እንዴት እንደተሠራ ታውቃላችሁ፣ ምን ያህል እንዲደርቅ፣ ምን ያህል እንዲጠቁር የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። እኔ ከጎመኑ በኋላ የማላውቀውን አትክልት ገበያ ላይ ሳይ መሸሽ ትቼ «ይሄስ ቢጠበስ ምን ይሆናል?» ማለት ጀመርኩ። ከዚያ የምግብ አሠራር ማንበብ፣ ከዚያ ሰው መጋበዝ። ሰው ጋብዞ ማብላት ደግሞ ልዩ ደስታ ነው! እናቴ እኔ የጠበስኩትን ጎመን ደግማ ስታነሳ ያየሁ ጊዜ የተሰማኝን በቃል መናገር ይከብደኛል።

ግን አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ምግብ መምረጥ ሁሉ አንድ አይደለም። ሰው ክብደት እስኪቀንስ፣ እስኪታመም ወይም ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብ እስኪያቅተው ድረስ ምግብ የሚተው ከሆነ ይህ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው። አርፊድ ይባላል፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያው ውስጥ አካትቶታል። ለዚያ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። መጥበሻ አይፈታውም፣ ግሣጼም አይፈታውም።

ወደ ዕቃው ጉድለቶች እንምጣ፤ አሉበት።

አንደኛ ክብደቱ። ምግብ ሲጨመርበት በአንድ እጅ ማንሳት ለብዙ ሰው አይመችም። ከእጀታው ትይዩ ሌላ ትንሽ መያዣ ያለውን ምረጡ፤ ይህ ቅንጦት አይደለም፣ በሁለት እጅ ለማንሳት ነው። የእጅ አንጓ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ዕቃ ባይገዛ ይሻለዋል። ከላሜራ የሚሠራ ስስ የብረት መጥበሻ አለ፣ ካርቦን ስቲል ይሉታል፤ እሱም ይሟሻል፣ ደህና ሙቀት ይይዛል፣ ግን ይቀላል።

እጀታው ይግላል፤ ብረት ነውና። ወፍራም ጨርቅ ሁሌ አጠገባችሁ ይሁን። ልጆች ባሉበት ቤት እጀታው ወደ ውጭ አይዙር፣ ምድጃው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያቃጥላል።

ሙቀት በእኩል አያሰራጭም። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያምናል፣ ትክክል አይደለም። ብረት ሙቀት ይይዛል እንጂ ሙቀት በማዘዋወር ከአሉሚኒየም በጣም ያንሳል። ትንሽ እሳት ላይ ትልቅ መጥበሻ ብታስቀምጡ መሀሉ ይነዳል፣ ዳሩ ቀዝቃዛ ይሆናል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መካከለኛ እሳት ላይ ይሙቅ፣ አልፎ አልፎ አዙሩት። ለመጋሉ ምልክት ጥቂት የውሃ ጠብታ ጣል አድርጉ። ጠብታው ቺስ ብሎ ወዲያው ከተነነ ገና ነው ወይም ለመካከለኛ ነገር በቂ ነው፤ እንደ ብይ እየተንከባለለ ከተሯሯጠ በደንብ ግሏል። ከጠብታው ሥር የእንፋሎት ሽፋን ተፈጥሮ ከብረቱ ስለሚለየው ነው እንዲያ የሚሆነው፤ ላይደንፍሮስት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1756 ጽፎበታል። ለጎመንና ለሥጋ ያ ሙቀት ይሆናል፣ ለእንቁላል ግን ብዙ ነው።

ጭስ አለው። መስኮት ክፈቱ፣ ለጥብስ የተጣራ ዘይት ተጠቀሙ። ቅቤ ቶሎ ያርራል፣ መጨረሻ ላይ ይሁን።

ኮምጣጣ ነገር ለረጅም ጊዜ አይወድም። የቲማቲም ስጎ ሰዓት ሙሉ ስታንተከትኩበት የተሟሸውን ሽፋን ይበላዋል፣ ምግቡም የብረት ጣዕም ያመጣል። መጨረሻ ላይ ሎሚ መጭመቅ ምንም አይደለም። ለስጎ ግን ስቴንለስ ወይም ኢናሜል የተቀባ ድስት ተጠቀሙ። ከመጥበሻው ወደ ምግብ የሚገባው ጥቂት ብረት ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። ሰውነታቸው ብረት የሚያከማች፣ ሄሞክሮማቶሲስ የሚባለው ሕመም ያለባቸው ግን ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ምግብ የማይያያዝበት ሽፋን ያለው የቴፍሎን መጥበሻስ? ቴፍሎን የተሠራበት ነገር እ.ኤ.አ. በ1938 ሮይ ፕለንኬት በተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት እጅ በአጋጣሚ ነው የተገኘው፤ ለእንቁላልና ለፓንኬክ እስካሁን ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን ከ260 ዲግሪ ገደማ በላይ ሽፋኑ መበላሸት ስለሚጀምር ባዶውን ኃይለኛ እሳት ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ያ ማለት ለእኛ የሚያስፈልገንን ከባድ ጥብስ በነፃነት አትሠሩበትም ማለት ነው። ይፋቃልም፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሌላ ትገዛላችሁ። የብረቱ መጥበሻ በአንጻሩ በሠራችሁበት ቁጥር ይሻሻላል። ቤታችሁ ውስጥ ሁለቱም ቢኖሩ ጥሩ ነው፤ አንዱን ብቻ ካላችሁ ግን ብረቱን።

ስለ ጥገናው የሚወራው ወሬ ከሥራው ይበልጣል። ማሟሸት ማለት ዘይቱ በሙቀት ተለውጦ ከብረቱ ጋር የሚጣበቅ ጠንካራና ጥቁር ሽፋን እንዲሆን ማድረግ ነው። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ተሟሽተው ነው የሚመጡት። እንደገና ማሟሸት ከፈለጋችሁ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት፣ ሁለመናውን በጣም ስስ ዘይት ቀቡ፣ ከዚያ ምንም ዘይት እንዳልተቀባ አድርጋችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ኦቭን ውስጥ ደፍታችሁ ከ230 እስከ 250 ዲግሪ ላይ ለ1 ሰዓት ተዉት፣ እዚያው ይቀዝቅዝ። ዘይቱ ከበዛ እየተጣበቀ ያስቸግራል፣ ምስጢሩ ስስ ማድረግ ብቻ ነው። ኦቭን የሌላችሁ ምድጃ ላይ በስሱ ቀብታችሁ ጭሱ እስኪያቆም ማሞቅና መድገም ትችላላችሁ።

«ሳሙና አይነካውም» የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። የድሮ ሳሙና ሽፋኑን የሚያነሳ ኃይለኛ ኬሚካል ነበረበት፤ የዛሬው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ በልኩ ምንም አያደርገውም። የሚጎዳው ውሃ ውስጥ ማሳደርና ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ማስገባት ነው፤ ይዝጋል። ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ሳይሆን እሳት ላይ አድርቁት፣ ገና ሞቅ እያለ ጠብታ ዘይት አባብሱት። የጋለ መጥበሻ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተያያዘ ነገር ካለ ወፍራም ጨውና ጨርቅ ይበቃል። ዝገት ቢያወጣም አይጣልም፤ በሽቦ ፈትጋችሁ እንደገና ታሟሹታላችሁ። ከሌላ ሰው ያገለገለ መግዛት የምመክረውም ለዚህ ነው። የተሰነጠቀ ግን አይዳንም። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጣችሁ የሚወዛወዝ መሆኑን እዩ፤ በተለይ ምድጃችሁ መስታወት ወይም ኢንዳክሽን የሚሉት በማግኔት የሚያሞቀው ከሆነ ቂጡ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ኢንዳክሽን ላይ በደንብ ይሠራል፣ ግን አትጎትቱት፣ እያነሳችሁ አስቀምጡ፤ መስታወቱን ይቧጭራል። በጣም አሮጌ ከሆነና ታሪኩን የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ ተዉት፤ አንዳንዶቹ ቀደም ሲል እርሳስ ለማቅለጥ ያገለገሉ ናቸው፣ ያ ደግሞ ታጥቦ አይለቅም።

መጠኑን ካላችሁ 26 ሴንቲ ሜትር ለአንድና ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ለአራት ሰው 30 ይሻላል፣ ክብደቱን ግን ገምቱ። በትንሽ መጥበሻ ብዙ አትክልት ማጨቅ የከባድ ብረትን ጥቅም ሁሉ ያጠፋዋል፤ ሁለት ዙር ጥበሱ። ውድ የሚባሉት ወለላቸው የተላገ ነው፣ ትንሽ ይቀላሉ፣ ደስም ይላሉ። ርካሾቹ ወለላቸው ሻካራ ነው። በጎመኑ ላይ ልዩነት አላየሁም። ለእንቁላል የተላገው ቶሎ ይገራል። ከሁለቱ በላይ ገንዘብ የሚያስፈልገው ክዳን ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ያለ ክዳን ነው የሚሸጡት፣ ለጎመኑም ለካሮቱም ክዳን ትፈልጋላችሁ። የሌላ ድስት ክዳን ከገጠመ እሱ ይበቃል፣ መስታወት ቢሆን ደግሞ ውስጡን እያያችሁ ትጠብሳላችሁ።